የፕሮጀክቱ ማግስት

ለዕድር ዳኞች፣ ለአካባቢ ልማት ማኅበራት ተወካዮች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ከውጭ አገር ለመጡ የአካባቢው ተወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ የልማት ማኅበራት ተወካዮች፣ የታካሚ ወረፋ ትታችሁ ከጤና ጣቢያና ከጤና ኬላ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ ከባሕር ማዶ ዘመድ ልትጠይቁ መጥታችሁ ግማሽ ቀናችሁን ለዚህ ስብሰባ የሰጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን መድረክ ያዘጋጃችሁትን፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሸክማችሁ ያመጣችሁትን ወጣቶች ጭምር፣ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ለጤናና ለድህነት ቅነሳ ሥራ የድጋፍ ገንዘብ እንዴት ይገኛል?» የሚል ነበር። ርእሱን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ፈቃዳችሁ ከሆነ ከማግኘቱ ይልቅ በማለቁ ላይ ብዙ ጊዜ ልወስድ እፈልጋለሁ። 22 ዓመት ሙሉ ሥራዬ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ከለጋሽ ጋር መነጋገር፣ ፕሮጀክት ማስኬድና ሪፖርት መላክ ነው። በዚህ ዘመን ሁሉ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ነበሩ፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ማን ምን እንደሚያደርግ የጠየቁኝ ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ የድጋፍ ገንዘብ ምን ሊገዛ እንደሚችልና ምን ሊገዛ እንደማይችል፤ ሁለተኛ ስለሚያልቅበት ቀን፤ ሦስተኛ ደግሞ ሒሳቡ ለማን እንደሚቀርብ። ከዚያ በፊት ግን ከእናቴ ልጀምር።

ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። እናቴ በአንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር በጥቁር ክር የታሰረች ወረንጦ ነበረቻት። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ እናቶች ወረንጦዋ ለእሾህ ብቻ እንዳልነበረች ታውቃላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ከደጃፉ ላይ ስታርፍ እናቴ ራሷን ጉልበቴ ላይ ታስደግፍና «እዚህ ጋ ናት፣ ትወጋኛለች» ትለኝ ነበር። እኔ የዐይኗን ሽፋን በአውራ ጣቴ ገልብጬ ወደ ውስጥ የታጠፉትን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ፀጉሯ በጣም ትንሽ ናት፤ ስትነቀል ግን የእናቴ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያችው ፀጉር አጭርና ጠንካራ ሆና ትበቅላለች፤ ስትበቅል ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ትወጋለች። ጢስ ስለሚብስባት እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ ጤፍ አረም ላይም በቀትር ፀሐይ መቆም አትችልም። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ይህ ነገር በሽታ መሆኑን አላውቅም ነበር። እናት ማለት እንዲህ ናት ብዬ አስብ ነበር።

በሽታው የዓይን ማዝ ነው፤ ባለሙያዎቹ ትራኮማ ይሉታል። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ይድናል፤ እየተመላለሰ ሲይዝ ግን የዐይን ሽፋኑ ውስጡ ይጠባሳል፣ ጠባሳው ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ብርሃን ይጠፋል። ልጅ የምታቅፈውና የልጁን ፊት በነጠላዋ የምትጠርገው እናት ስለሆነች ወደ ዕውርነት የሚያደርሰው ደረጃ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። በ1998 ዓ.ም የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሽታው በዐይናቸው ላይ እንደታየ አሳይቷል። በሽታው የማኅበረሰብ ጤና ችግር መሆኑ ቀርቷል ለመባል ይህ ቁጥር ከ5 በመቶ በታች መውረድ አለበት። እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላይ ለትራኮማ ከተጋለጡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአገራችን ይኖራሉ።

ይህን የምነግራችሁ ጤናና ድህነት ለየብቻ የሚቀመጡ ሁለት ጉዳዮች እንዳልሆኑ በዐይኔ ያየሁት እዚያ ስለሆነ ነው። ውሃ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚርቃት እናት ያን ጀሪካን ለወጥ፣ ለመጠጥና ለጥጃ ትቆጥባለች እንጂ ለልጅ ፊት ለማዋል ትሰስታለች። ዐይኗ ሲደክም የቤቱ ጉልበት ይቀንሳል። ፈጽሞ ሲጠፋ ደግሞ አንዱ ልጅ የበትሯን ጫፍ ይዞ መሪ ይሆናል፤ መሪ የሆነ ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም። አንድ ዐይን ሲጠፋ የሚጠፋው የሁለት ሰው ሕይወት ነው። በለጋሾች ጠረጴዛ ላይ «ጤና» አንድ ሣጥን፣ «ድህነት ቅነሳ» ሌላ ሣጥን ሆኖ ሲቀርብልኝ ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ በትር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። ገንዘቡ ምን ይገዛል?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካርተር ማዕከል የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ላየንስ ከሚባሉት የበጎ ፈቃደኞች ክለቦች ጋር ሆኖ ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ጎን የትራኮማ ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ የመንግሥት ብድር አልነበረም፤ በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ ያዋጡትና በበጎ አድራጎት ተቋማት በኩል የመጣ ድጋፍ ነው። አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ደግሞ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነጻ ይሰጣል። ሥራው አራት እግር አለው፤ የታጠፈውን ሽፋን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ መድኃኒቱን ማደል፣ የልጆችን ፊት ማጠብ፣ እንዲሁም ውሃና መጸዳጃ ቤትን ጨምሮ አካባቢን ማጽዳት።

እስቲ እነዚህን አራቱን እንመልከታቸው። ሁለቱ በገንዘብ ይገዛሉ። ቀዶ ሕክምናው የሠለጠነ ነርስ፣ የማደንዘዣ መርፌ፣ የስፌት ክርና ንጹሕ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ የድጋፍ ገንዘብ ይገዛል። መድኃኒቱም በነጻ መጥቷል፤ ነገር ግን በነጻ የመጣ መድኃኒት በነጻ አይታደልም። ከአዲስ አበባ መጋዘን እስከ ቆላው ቀበሌ ድረስ ነዳጅ አለ፣ የአዳይ ውሎ አበል አለ፣ መዝገብ አለ። የእደላውን ቀን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ መስመር መስመር የተሠመረበት ረጅም እንጨት ይቆማል፣ ልጁ ከእንጨቱ ጋር ይለካል፣ ቁመቱ የደረሰበት መስመር የሚወስደውን መጠን ይናገራል። ሚዛን አያስፈልግም፣ ዕድሜ መጠየቅ አያስፈልግም። ከስድስት ወር በታች ላሉት ሕፃናት ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ይሰጣል። ይህን ሥርዓት ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ያልተማረ ሰው እንኳን ሳይሳሳት ሊሠራው የሚችል ነውና።

ሁለቱ ግን በገንዘብ አይገዙም። የልጅን ፊት ማጠብ የሚገዛበት ገበያ የለም። አንድ ጣሳ ውሃ ለብዙ ልጆች ፊት ይበቃል፤ የሚያስፈልገው እናቲቱ ማመኗና ውሃው መቅረቡ ነው። መጸዳጃ ቤትም እንዲሁ ነው። ትራኮማን የሚያመላልሰው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነውና ጉድጓድ መቆፈር ዐይን ማዳን ነው። ይሁን እንጂ ጉድጓዱን ገንዘብ አይቆፍረውም።

ይህን እኔ በራሴ ስሕተት ተምሬዋለሁ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በአንድ ወረዳ ውስጥ ለመጸዳጃ ቤት ወለል የሚሆን የሲሚንቶ ሰሌዳ አስሠርተን ለየቤቱ የማደል ፕሮጀክት ጻፍሁ። ለጋሹ ወደደው፤ ፎቶግራፍ ላይ የሚታይ፣ የሚቆጠር ነገር ነውና። ሰሌዳዎቹን አደልን፣ ቆጠርን፣ ሪፖርቱን ላክን። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ወደዚያው ቀበሌ ስመለስ አንዲት እናት ምንጭ ዳር በሰሌዳው ላይ ልብስ ታጥባለች፤ በሌላ ቤት ደግሞ ሰሌዳው የደጃፍ መረገጫ ሆኗል። ጉድጓድ የቆፈሩት ጥቂቶች ነበሩ። ለምን አልቆፈራችሁም ብዬ አንድ አባወራ ብጠይቃቸው የሰጡኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «ሰሌዳውን እናንተ አመጣችሁ፤ ጉድጓዱንም እናንተ ትቆፍሩታላችሁ ብለን ነው» አሉኝ። አላጠፉም። ሥራው የእኔ እንደሆነ የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ በአፌ ሳይሆን በሰሌዳው።

በዚያው ዘመን በአማራ ክልል ውስጥ የሆነውን ሌላውን ነገር ደግሞ ስሙ። የትራኮማው መርሐ ግብር በአንድ ዓመት ውስጥ 10 ሺህ መጸዳጃ ቤቶች እንዲሠሩ አቅዶ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ የተሠሩት ከ80 ሺህ በላይ ሆኑ። ሲሚንቶ አልታደለም። ቤተሰቡ በራሱ ዶማ ቆፈረ፣ ከራሱ ጓሮ እንጨት ቆርጦ ወለሉን በጭቃ መረገ። የማዕከሉ መሥራች፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም በየንግግራቸው የሚያነሱት ሥራ ነበር፤ ሥራውን ያፋጠኑት ሴቶቹ መሆናቸውን ይናገሩ ነበር። ለምን ሴቶቹ? እናቶቼ ታውቁታላችሁ። ወንዱ ቀን ሜዳ ላይ ሲወጣ ማንም አይታዘበውም፤ ሴቲቱ ግን ጨለማ እስኪሆን ትጠብቃለች። እናቴ ጠዋት ጎሕ ሳይቀድ፣ ማታ ጅብ ሲጮኽ ነበር የምትወጣው፤ ቀኑን በሙሉ ትችለው ነበር። ጉድጓዱ ለሴቶቹ ከዐይን ጤና በፊት ክብር ነበር። ለክብሯ የቆፈረችውን ጉድጓድ ደግሞ ፕሮጀክት ስላለቀ አትደፍነውም።

እዚህ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችንን ሳላነሳ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ የተመደቡት እኒህ ወጣት ሴቶች በየቤቱ ደጃፍ ቆመው «ጉድጓዱ የት ደረሰ?» ብለው ባይጠይቁ ኖሮ፣ የመጣው ገንዘብ ሁሉ ከወረዳ ከተማ አያልፍም ነበር። ደመወዛቸው ከመንግሥት በጀት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የሚያልቅበት ቀን።

የእናቴን ነገር ልጨርስ። በድጋፍ ገንዘብ የሚሠራ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ወደ እኛ ወረዳ መጣ። ሁለት ነርሶች በጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ውስጥ በቀን ብዙ ሰው ይሠሩ ነበር፤ ለአንድ ዐይን ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። እናቴ ዐይኗን በፋሻ አስራ አደረች፤ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ደጃፉ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ዐይኗን ሳትጨፍን ወደ ብርሃኑ አየች። ከዚያም ክሩን ፈትታ ወረንጦዋን በእጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ያዢው፣ ከእንግዲህ ለእሾህ ነው» አለችኝ።

የእናቴ ታናሽ እኅት፣ አክስቴ፣ ሕመሟ ያው ነበር። ዘመቻው የመጣው በአጨዳ ወቅት ስለሆነ ጤፏን ሜዳ ላይ ጥላ መሄድ አልቻለችም፤ ከወቃሁ በኋላ እሄዳለሁ አለች። በጥር ወር ሄደች። ጤና ጣቢያው አለ። የሠለጠነው ነርስም አለ። መሣሪያው በቁም ሣጥን ተቆልፎ አለ። የስፌት ክርና ማደንዘዣ ግን የለም፤ ሁለቱን ይገዛ የነበረው ፕሮጀክት ታኅሣሥ ላይ አልቋል። ነርሱ እያዘነ «ሌላ ፕሮጀክት ሲመጣ እናስጠራሻለን» ብሎ ስሟን በመዝገብ ጻፈ። ሌላው ፕሮጀክት የመጣው ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። በዚያ ጊዜ የአክስቴ ግራ ዐይን ነጭ ለብሷል።

እኔ በዚህ ጉዳይ ለጋሹን አልወቅስም፤ በስምምነቱ መሠረት ያለውን ጨርሷል። ነርሱንም አልወቅስም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስምምነቱ በተፈረመበት ቀን፣ ሁሉም ሰው ፈገግ ብሎ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ «ከታኅሣሥ በኋላ ክሩን ማን ይገዛል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር? ማንም አልነበረም። በእኛ የሥራ ቋንቋ ይህ ጉዳይ «ፌዝ አውት» ይባላል፤ በፕሮፖዛሉ መጨረሻ ገጽ ላይ «ሥራው ለመንግሥትና ለማኅበረሰቡ ይተላለፋል» የምትል አንዲት መስመር ትጻፍለታለች። መስመሯን እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌአታለሁ። ለየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው የበጀት ርእስ፣ በስንት ብር እንደሚተላለፍ ግን ለረጅም ዘመን አልጻፍሁም።

ይህ ነገር የአንድ ወረዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥር 2017 ዓ.ም ላይ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት እንዲቆም ባዘዘ በቀናት ውስጥ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በጤናው ዘርፍ ይሠሩ የነበሩ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች ውል መቋረጡ ተሰማ። ዩ.ኤስ.ኤድ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ራሱ ዓመቱ ሳይሞላ ተዘጋ። ያ ገንዘብ የአንድ መንግሥት ገንዘብ ነው፤ ከበጎ አድራጎት ድጋፍ ጋር አንድ አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁለቱም ይሠራል። በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በተፈረመ ወረቀት በአንድ ጠዋት የሚዘጋ የሕክምና ክፍል ቀድሞም በእጃችን አልነበረም። በሌላ በኩል በዚያው ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ ጤና ኬላዋ ሄዳለች። ደመወዟ ከወረዳው በጀት ስለሆነ ማንም ከሩቅ ሊያቋርጠው አልቻለም። ቅድም እመለስበታለሁ ያልሁት ይህን ነው።

የብሩንም ነገር አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስምምነታችሁ በዶላር ከሆነ በእጃችሁ ያለው ብር ጨመረ፤ በብር ከሆነ ግን ከውጭ የሚገባው መድኃኒትና መሣሪያ ዋጋ በእጥፍ ሄዶ በጀታችሁ ባዶ ቀረ። የድጋፍ ስምምነት ስትፈርሙ ገንዘቡ በምን ዓይነት ምንዛሪ እንደተጻፈ፣ ዋጋ ቢለወጥ ማን እንደሚሸከመው ሳታነቡ አትፈርሙ። ይህን አጥብቄ አደራ እላችኋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስለ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በድጋፍ ተጀምሮ በራሱ እግር መቆም የጀመረ ነገር ስለሆነ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የቴክኒክ ድጋፍ የሰጡት የውጭ አጋሮች ነበሩ። መዋጮውን ግን ከመጀመሪያው ቀን ያዋጣው አባወራው ነው፤ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ወረዳውና ክልሉ ይከፍላሉ። ዛሬ በአብዛኛው የአገሪቱ ወረዳዎች ተዳርሷል። ችግር የለበትም አልልም፤ መታወቂያውን ይዞ ሄዶ «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥም አለ፤ ቅሬታውም እውነት ነው። ሆኖም ቅሬታውን የሚያቀርብለት ሰው በወረዳው ውስጥ አለ። ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጠየቅ ይችላል። የአክስቴ ክር በዚህ ዓይነት መዋጮ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ታኅሣሥ ባለቀ ጊዜ አያልቅም ነበር።

ስለዚህ የዕድር ዳኞች ሆይ፣ እለምናችኋለሁ፤ በዕድራችሁ ውስጥ የመድን መዋጮ መክፈል ያቃታቸውን፣ ከነጻ ተጠቃሚ ዝርዝር ውስጥም ስማቸው የሌለውን ቤተሰቦች ቁጠሩ። ከእናንተ የተሻለ የሚያውቃቸው የለም። ለለቅሶ ድንኳን የምታስቀምጡትን ያህል ባይሆንም፣ ሰው በሕይወት ሳለ የሚደርስለት ጥቂት ገንዘብ አስቀምጡ። ይህ ለዕድር እንግዳ ነገር አይደለም። ኤች.አይ.ቪ. በየቤቱ በገባበት ዘመን ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታማሚው አስታማሚ፣ ወላጅ ላጣው ልጅ ደብተርና ቀለብ ሰጥተዋል፤ የድጋፍ ድርጅቶችም ገንዘባቸውን በዕድር በኩል ማውጣት የጀመሩት ያን አይተው ነው።

ከባሕር ማዶ ለመጣችሁ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ልባችሁ ለአገር ቤት እንደሚቃጠል አውቃለሁ። ስትሰጡ ግን የምትወዱት የሚታይ ነገር ነው፤ ማሽን፣ አምቡላንስ፣ ስም የተጻፈበት ክፍል። በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከውጭ የተላከ የደም መመርመሪያ ማሽን ላስቲኩ እንኳን ሳይገፈፍ ቆሞ አይቻለሁ፤ ሪኤጀንት የሚባለውን የመመርመሪያ ኬሚካል የሚገዛ በጀት አልነበረም። ሌላ ጊዜ ስትሰጡ ክር ስጡ፣ ጓንት ስጡ፣ የሞተር ብስክሌት ጎማና ነዳጅ ስጡ። እነዚህ ስም አይጻፍባቸውም፤ ሥራውን የሚያስኬዱት ግን እነርሱ ናቸው። ከምትሰጡት በየዓመቱ ጥቂት እየቀነሳችሁ፣ ወረዳው በዚያው ልክ እየጨመረ የሚሄድበትን ስምምነት ገና ከመጀመሪያው አስጽፉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሙሉውን እናንተ፣ በአራተኛው ላይ ግማሹን ወረዳው ቢሸፍን፣ ስታቆሙ የሚደነግጥ አይኖርም።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው፤ ሒሳቡ ለማን ይቀርባል?

በሕጉ በኩል ነገሩ ከበፊቱ ተሻሽሏል። በ2001 ዓ.ም በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ዘመን ከውጭ አገር ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች ላይ መሥራት አይችሉም ነበር። ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር ይዋል በሚለው፣ 70 ለ30 በሚባለው መመሪያ ደግሞ የሥልጠናና የመጓጓዣ ወጪ እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጠር ስለነበር የጤና ትምህርት የሚሰጥ ድርጅት በጣም ተቸግሯል። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ለውጦ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ድርጅቶች ለዓላማቸው የሚውል ገቢ በንግድ እንዲያገኙም ፈቅዷል። ይህ የመጨረሻው በእኛ አካባቢ ገና በደንብ ያልተሠራበት በር ነውና አስቡበት።

ሕጉ ግን ሒሳቡን ለባለሥልጣን መሥሪያ ቤትና ለለጋሹ እንድናቀርብ ነው የሚያስገድደን። ዕድርን ተመልከቱ። የዕድር ገንዘብ ያዥ በወሩ መጨረሻ እሑድ መዝገቡን ገልጦ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ድንኳን ስንት፣ ጡሩምባ ነፊ ስንት ብሎ ያነባል። ማንበብ የማይችሉት አባት ሳይቀሩ በጆሯቸው ይቆጣጠራሉ፤ አምስት ብር ብትጎድል «ያቺ የት ሄደች?» ይላሉ። እኔ በ22 ዓመት ውስጥ የጻፍኋቸው ሪፖርቶች ግን አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ተጽፈው ወደ ውጭ የሄዱ ናቸው። ስማቸውና ሕመማቸው የተጻፈው ሰዎች አላነበቧቸውም።

አንድ ቀን በአንድ ቀበሌ የአዲሱን ፕሮጀክት በጀት በአማርኛ ገልብጬ በዕድር ስብሰባ ላይ አነበብሁ። አንድ አዛውንት ተነሥተው «ልጄ፣ ይህ ዐውደ ጥናት የሚሉት ነገር የሚደረገው የት ነው?» አሉኝ። በወረዳው ከተማ፣ በሆቴል መሆኑን ነገርኋቸው። «ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ባዶ ነው። ሰውም ከዚሁ ነው የሚሄደው፤ ለምን ይሄዳል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ለለጋሹ ጻፍሁለት፣ ተስማማ፤ ሥልጠናው ከዚያው ትምህርት ቤት ሆነ፣ ሴቶቹ ቡና አፈሉልን፣ የተረፈው ገንዘብ ለቀዶ ሕክምናው መገልገያ ዋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጀት በሕዝብ ፊት ሳላነብ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። የፈራሁት ጭቅጭቅ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ጠባቂ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀበሌ አንድ ጀሪካን ናፍጣ እንኳን ያለ አግባብ አልወጣችም፤ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሽማግሌዎች መኪናው ስንቴ እንደተመላለሰ ይቆጥሩ ነበርና።

ስለዚህ ድጋፍ የሚሰጥ አካል ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ፣ በጀቱን በአማርኛ አምጡ በሉ። በስብሰባ አንብቡልን በሉ። የሚያልቀው መቼ ነው፣ ከዚያ በኋላ የነርሶችን ደመወዝ፣ የዕቃውን መግዣና የጥገናውን ወጪ ማን ይችላል ብላችሁ ጠይቁ። ድጋፉ እንዳይቀር ፈርታችሁ ዝም አትበሉ። ጥሩ ለጋሽ በዚህ ጥያቄ ይደሰታል እንጂ አይሸሽም፤ እኔ ከሠራሁባቸው ለጋሾች መካከል በእንዲህ ያለ ጥያቄ የተነሣ የሄደ አላየሁም።

ከመጨረሴ በፊት፣ በሦስተኛው ረድፍ ነጭ ጋወን ደርባ የተቀመጠችውን እኅታችንን ከመቀመጫዋ እንድትነሣ እለምናታለሁ። በጤና ጣቢያው የዐይን ሽፋን ቀዶ ሕክምና የምትሠራው እርሷ ናት። ዛሬ ጠዋት የወረፋ መዝገቧን ይዛ እንድትመጣ ጠይቄያት ነበር፤ ይዛ መጥታለች። በዚያ መዝገብ ውስጥ ስንት እናቶች ስማቸው ተጽፎ እንደሚጠብቁ፣ ለእያንዳንዳቸው የሚያስፈልገው ክርና ማደንዘዣ ዛሬ በገበያ ስንት ብር እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ የዕድር ዳኞችም፣ የልማት ማኅበሩም፣ ከውጭ የመጣችሁትም፣ የወረዳው ተወካይም ባላችሁበት ማን ምን ያህሉን ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሸፍን ሳንነሣ እንነጋገር፤ ጸሐፊው ይመዝግብልን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። እኅቴ፣ ነይ፤ ማይክሮፎኑን ያዢ።